መታየትና መታወቅ

በዛሬው ጊዜ ስለ አንድ ሰው ሲወራ የሚጠየቀው ጥያቄ እየተለወጠ መሄዱን አንባቢዎቻችን ሳይመለከቱት አልቀሩም። ቀድሞ «የማን ልጅ ነው? ምን ይሠራል? ጠባዩስ እንዴት ነው?» ይባል ነበር። ያ አጠያየቅ እንከን አልነበረውም አንልም፤ ሰውን በአባቱ ስምና በትውልዱ እየመዘነ ብዙ በደል አስከትሏልና። አሁን ግን ጥያቄው «ስንት ተከታይ አለው? ምን ለበሰ? የያዘውስ ስልክ የትኛው ነው?» ወደሚል ተዛውሯል። የፊተኛው ጥያቄ፣ ጥሩም ሆነ መጥፎ፣ ሰውዬውን ለማወቅ የታሰበ ነበር። የኋለኛው ግን ሰውዬውን አይቶ ለማለፍ ብቻ የሚበቃ ነው። በዚህች ጽሑፍ ልንነጋገርበት የምንፈልገው ይኸው በመታየትና በመታወቅ መካከል ያለው ልዩነት ነው።

«እኛ» ስንል በአንድ ዶርም የምናድር ስድስት የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች ነን። ከልዩ ልዩ ክፍለ ሀገር የመጣን፣ በልዩ ልዩ የትምህርት ክፍል የምንማር ስለሆንን በአሳብ ሁሉ አንስማማም። ይህንንም ጽሑፍ ስናዘጋጅ ሦስት ማታ ተከራክረናል። የተስማማንበትን እንደ ተስማማንበት፣ ያከራከረንንም እንደ ክርክሩ እናቀርባለን።

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ነገር ግልጽ እንዲሆን እንወዳለን። እኛ ዕቃን የምንጠላ መናኞች አይደለንም። ለብርድ ልብስ፣ ለጭቃ ጫማ፣ ለትምህርትም ስልክና ኮምፒዩተር ያስፈልጋሉ። ከገጠር በአንድ ኮትና በአንድ ሸራ ጫማ መጥቶ በሦስተኛው ዓመት ሁለተኛ ጫማ የገዛን ተማሪ «ብልጭልጭ አታለለህ» ብሎ መውቀስ፣ የጠገበ ሰው ለተራበው ጾም ሲሰብክ እንደ መስማት ነው። ደግሞም መጌጥ ለአገራችን ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚለው አነጋገር ከውጭ አገር የመጣ አይደለም። ነገር ግን ያ ቀሚስ የሚለበሰው ታቦት ለመሸኘት፣ ከዘመድና ከጎረቤት ጋር ለመዋል ነበር። በዓሉ ቀሚሱን ይፈልገዋል እንጂ ቀሚሱ በዓሉን አይፈጥረውም። እኛን የሚያሳስበን ነገሩ መገልበጡ ነው፤ ልብሱ ስለ ተገዛ በዓል ይፈለጋል፤ ካሜራው ስለ ተዘጋጀ ደስታ ይዘጋጃል።

ስለ ዕቃና ስለ ድካም ማሰብ ከእኛ የተጀመረ አይደለም። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ካረፉ በኋላ በ1916 ዓ.ም. በታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» በተባለው መጽሐፋቸው ይህንኑ መርምረውታል። ጥሬ ዕቃ እየሸጠ የተሠራ ዕቃ የሚገዛ ሕዝብ ዕቃ በዕቃ የለወጠ ይመስለዋል፤ በእውነቱ ግን ብዙውን ድካሙን ሰጥቶ የሌላውን ሰው ጥቂት ድካም ይቀበላል። መቶ ዓመት ካለፈ በኋላም ሒሳቡ እምብዛም አልተለወጠም። ዛሬም ወደ ውጭ የምንልከው ቡና፣ ወርቅ፣ ሰሊጥና የመሳሰለው ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ቀድሞ ወደ 57 ብር ይመነዘር የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ውድ ስልክ የሚይዝ ተማሪ የስንት ገበሬ የስንት ወር ድካም በኪሱ ይዞ እንደሚዞር ቢያሰላ መልካም ነው።

ገብረ ሕይወት ግን በዘመናቸው ሊያዩት ያልቻሉት አንድ ነገር አለ። ያን ጊዜ ከውጭ የሚገዛው አቡጀዲ ቢያንስ ይለበስ ነበር። በእኛ ዘመን የሚገዛው መታየት ራሱ ሆኗል።

ለዚህ ማስረጃ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በቲክቶክ የቀጥታ ሥርጭት ሁለት ሰዎች «ባትል» ይገጥማሉ፤ ተመልካቹም ለሚደግፈው ስጦታ ይልካል። ከስጦታዎቹ አንዱ የአንበሳ ሥዕል ነው። ዋጋው 29,999 ኮይን ሲሆን ይህም ወደ 400 የአሜሪካ ዶላር ገደማ ይደርሳል። አንበሳው ጥቂት ሴኮንድ ታይቶ ይጠፋል። ከገንዘቡ ኩባንያው የራሱን ድርሻ ያስቀራል። የላኪው ስም ይጠራል፣ ይመሰገናል፣ በዚያው ያልቃል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የተባለው ደካማው ቢተባበር ኃይለኛውን ያሸንፋል ለማለት ነበር። የዛሬው ድር ግን አንበሳውን ማሰር ትቶ እየቸረቸረው ነው።

ስጦታ ላኪዎቹን መሳደብ አሳባችን አይደለም። ከእነርሱ መካከል በአሜሪካ ሌሊት ታክሲ የሚነዱ፣ በዓረብ አገርም በሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ ወገኖቻችን አሉ። በሰው አገር ዓመቱን ሙሉ ስሙን አስተካክሎ የሚጠራው የሌለ ሰው፣ ስሙ በሺህ ሰው ፊት ሲጠራ ደስ ቢለው የሚፈርድበት ማነው? በዚሁ በስልኩ መስኮት ለታመመ ሰው ማሳከሚያ ገንዘብ ሲዋጣም አይተናል፤ መሣሪያው ለዚያም ያገለግላል። እኛን ያሳዘነን የሰው ስም መጠራት የዋጋ ተመን የወጣለት መሆኑ ነው። በእናትና በወንድም አፍ በነፃ ይገኝ የነበረ ነገር በዶላር የሚገዛ ሸቀጥ ሆኗል።

የመገናኛ ነገር ሲነሣ «ድሮ መልካም ነበር» ብሎ ማልቀስ ቀላል ነው። እኛ ግን እንዲያ አንልም። አዲስ ዘመን ጋዜጣ በ1933 ዓ.ም. ሲጀመር፣ ቴሌቪዥንም በ1957 ዓ.ም. ሲከፈት፣ የሁለቱም ፊተኛ ተግባር የመንግሥትን ቃል ማሰማት ነበር። ሳንሱር ነበረ፤ ራዲዮና ቴሌቪዥን የሌለው ሕዝብም ብዙ ነበር። ይሁን እንጂ ከዚያው ውስጥ ልናስበው የሚገባ አንድ ነገር ተገኝቷል። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታተመ። ኋላም ወጋየሁ ንጋቱ በራዲዮ ሲተርከው ማንበብ የማይችለው ሕዝብ ሁሉ ሰማው። ታላላቆቻችን እንደሚያወሩልን በዚያች ሰዓት ሰው ከራዲዮ ዙሪያ ተሰብስቦ ያዳምጥ ነበር። ትረካው ሲያልቅም ክርክሩ ይጀመራል፤ ሰብለ ወንጌል ምን ታድርግ? ፊታውራሪ መሸሻስ ምን ዓይነት አባት ናቸው?

በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ጉዱ ካሣ የሚባል ሰው አለ። አገሩ ሁሉ ያየዋል፤ አለባበሱንና ንግግሩን አይቶ «ጉዱ» የሚል ስም አውጥቶለታል። የሚያውቁት ግን ጥቂት ሰዎች ናቸው። አንባቢው ወይም አድማጩ ታግሦ ሲከተለው፣ እብድ የተባለው ሰው ከሁሉ ይልቅ አስተዋይ መሆኑን ይረዳል። ሰውን ለማወቅ እንግዲህ ጊዜ ያስፈልጋል ማለት ነው። በእጃችን ያለው ስልክ የሚነፍገን ይህንኑ ጊዜ ነው። ዓይናችን በአንድ ሥዕል ላይ ስንት ሴኮንድ እንደቆየ እየቆጠረ የሚቀጥለውን ይመርጥልናል። ዓይንን ቶሎ የሚይዘው ደግሞ ጠብ፣ ሐሜት፣ አዲስ መኪናና አዲስ ቤት ነው። ጉዱ ካሣ ዛሬ ቢኖር ኖሮ በ15 ሴኮንድ ቪዲዮ ይቀረጽ ነበር፤ አገር ይስቅበት ነበር፤ ከዚያም አውራ ጣት ወደሚቀጥለው ታልፍ ነበር።

እዚህ ላይ ከእኛ በፊት በዚህ ግቢ የነበሩትን ተማሪዎች ማንሣት ተገቢ ይመስለናል። ቴሌቪዥን በተከፈተበት በዚያው በ1957 ዓ.ም.፣ በየካቲት ወር፣ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው ሰልፍ ወጡ። ከሦስት ዓመት በኋላ በመጋቢት 1960 ዓ.ም. በራስ መኮንን አዳራሽ የፋሽን ትርዒት ሲዘጋጅ ብዙ ተማሪዎች ተቃወሙ። አብዛኛው ሕዝብ በድህነት ሳለ የባዕድ ልብስ ማሳየት ቅንጦት ነው፣ አእምሮን ማደንዘዣ ነው አሉ። ክርክሩ ክብደት ነበረው። ነገር ግን ተቃውሞው በክርክር አልቆመም። ወደ ትርዒቱ የመጡ ሰዎች፣ ይልቁንም ሴቶች፣ ተሰደቡ፤ ተመቱ፤ እንቁላል ተወረወረባቸው። ዩኒቨርሲቲውም ለጊዜው ተዘጋ።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው ምንድነው? መታየትን የሚቃወም ሰው ራሱ በሚታየው ብቻ ሊፈርድ እንደሚችል ነው። የቀሚስ ማጠርን የአገር ውድቀት ምልክት ያደረገ ተማሪ ልጅቱን አያት እንጂ አላወቃትም። ምን እንደምታነብ፣ ምን እንደምታስብ፣ ከየት እንደመጣች አልጠየቃትም። ዛሬም በየስልኩ «ሥልጣኔ አበላሻቸው» እየተባለ የእኅቶቻችን አለባበስ የሚተችበትን ቪዲዮ ስናይ፣ ያ የ1960 እንቁላል እስካሁን አየር ላይ ያለ ይመስለናል። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ በሰው ልብስ ላይ ለመፍረድ የሚጠቀምበት ቢኖር አሳባችንን አልተረዳውም።

አሁን ወደ ራሳችን ጉዳይ እንግባ። የምረቃ ዓመት እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። የ100 ቀን በዓል አለ፤ ቀለም የሚረጭበት ቀን አለ፤ ሱፍ የሚለበስበት ቀን አለ። ለእያንዳንዱ ቲሸርት፣ ምሳ፣ ፎቶና መዋጮ አለ። ሱፍ የሌለው ይከራያል ወይም ይዋሳል፤ «የሰው ወርቅ አያደምቅ» መባሉ ለጊዜው ይረሳል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ለመቀበል የመውጫ ፈተና ማለፍ ግዴታ ሆኗል። ፎቶው ግን ፈተናውን አይጠብቅም። ጋዋን ለብሰን የተነሣነው ሥዕል ውጤታችን ሳይታወቅ በአገር ሁሉ ይበተናል። ከዚህም የሚያስገርመው፣ ከተዘረዘሩት በዓላት አንዱ እንኳ በእነዚህ ዓመታት ምን እንደተማርን የምንነጋገርበት አለመሆኑ ነው።

ከስድስታችን አንዱ የደረሰበትን በፈቃዱ እንጽፋለን። ስሙን አንጠራም። ጽሑፉን አንብቦ «የድሀ ልጅ» የሚል ቃል እንዳይገባበት፣ «ያልከፈለ» ብቻ እንዲባል ጠይቋልና እንደ ቃሉ አድርገናል። ይህ ልጅ ለ100 ቀኑ በዓል የተጠየቀውን መዋጮ አልከፈለም። በእጁ የነበረው ገንዘብ እናቱ በግ ሸጠው ለመመለሻው መሳፈሪያ የላኩለት ነበር። ለሰብሳቢዎቹ ነገሩ ሲነገራቸው የተሰጠው መልስ አጭር ነበር፤ ያልከፈለ ቲሸርት የለውም፤ ቲሸርት የሌለው ፎቶ ውስጥ አይገባም፤ መልኩን ያበላሻልና። በበዓሉ ቀን ጎሕ ሳይቀድ ተነሥቶ ወጣ። ቤተ መጻሕፍት ሲከፈት የፊተኛው፣ ሲዘጋም የኋለኛው እርሱ ነበር። ማታ ሲመለስ «ጥናት ነበረብኝ» አለን። እኛም እንደማናውቅ ሆነን ከራት ያስቀረንለትን አቀረብንለት።

በማግስቱ የክፍሉ ፎቶ ወጣ። ከሥሩ «አንድም ሰው ሳንጎድል» የሚል ተጽፎበት ነበር። ብዙ መቶ ሰው ወደደው። በዚያ ሥዕል ውስጥ ከሚታዩት ቢያንስ አሥሩ በሁለተኛው ዓመት የስታቲስቲክስን ትምህርት ያለፉት፣ ይኸው ልጅ በዚያው ቤተ መጻሕፍት ሌሊት እየተቀመጠ ስላስረዳቸው ነው። መታየትና መታወቅ ምን ያህል እንደተራራቁ ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አላገኘንም።

ይህን ስንነጋገር ግን ሌላው ጓደኛችን ተቃወመን። እንዲህም አለ፤ «ስለ ፎቶ ክፉ መናገር ቀላል ነው። የእኔ እናት ማንበብ አትችልም። ዲግሪዬን ብሰጣት ለእርሷ ወረቀት ነው። የጋዋኑን ፎቶ ግን በግድግዳ ላይ ሰቅላ ለገባው እንግዳ ሁሉ ታሳየዋለች። ይህንንም ብልጭልጭ ልትሉት ነው?» ለጥቂት ጊዜ ሁላችንም ዝም አልን። ምክንያቱም እውነት ተናግሯል። በየገጠሩ ቤት በጭቃ ግድግዳ ላይ በመስተዋት ውስጥ ተቀምጦ የሚታየውን የምረቃ ፎቶ የማያውቅ ከመካከላችን የለም።

ረጅም ከተከራከርን በኋላ የደረስንበት ይህ ነው። እናት ያንን ፎቶ ስታይ ጋዋኑን ብቻ አይደለም የምታየው። የሸጠችውን በሬ፣ ልጇ ስምንተኛ ክፍል ሳለ በእግሩ የሄደውን መንገድ፣ በፋኖስ ያጠናበትን ሌሊት ታያለች። ፎቶው ለእርሷ የምታውቀው ነገር ምልክት ነው። በስልክ ላይ በአውራ ጣቱ እየገፋ ለሚያልፈው ሰው ግን ምልክቱ ብቻ አለ፤ ምልክት የሆነለት ነገር የለም። ያው አንድ ፎቶ በአንዱ ዘንድ የሕይወት ታሪክ ነው፤ በሌላው ዘንድ ከሳሙና ማስታወቂያ አይለይም። እንግዲህ ጉድለቱ ከዕቃው ወይም ከሥዕሉ ሳይሆን ከበስተኋላው ያለውን የሚያውቅ ምስክር ከመጥፋቱ ነው። ትርጉም ጠፋ የሚባለውም በእኛ አስተያየት ይኸው ምስክር ሲጠፋ ነው።

ወላጆቻችን ይህንን ምስክርነት የሚጠብቁበት መንገድ ነበራቸው፤ አሁንም አላቸው። እድርን እንመልከት። በእድር የለበሰ ያልለበሰ አይለይም። ቀብር ላይ የቀረ አባል ግን ይቀጣል። ቅጣቱ ለአንዳንዱ ከባድ ሊመስለው ይችላል፤ ነገር ግን ከቅጣቱ በስተኋላ አንድ ታላቅ አሳብ አለ፤ አንተ ስትቀር መቅረትህን የሚያውቅ አለ ማለት ነው። «አንድም ሰው ሳንጎድል» ብሎ የጻፈው ክፍል የጎደለውን አልቆጠረም። የእድር ጸሐፊ ቢሆን ኖሮ ስሙን ጠርቶ «የት ሄደ?» ይል ነበር። የቡናንም ሥርዓት ብንወስድ እንዲሁ ነው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እየተባለ ሦስት ጊዜ የሚጠጣው ጥማት ለመቁረጥ ብቻ ሳይሆን ሰው ሰውን እስኪሰማ ድረስ ቁጭ እንዲል ነው። ዛሬ ግን ረከቦቱም፣ ሣሩም፣ እጣኑም ፎቶ ተነሥተው ካለቀ በኋላ ሁሉም ወደ ስልኩ ሲያጎነብስ ማየት የተለመደ ሆኗል።

ነገሩን በወቀሳ ብቻ ብንዘጋው ዋጋ የለውምና ለማኅበራችንና ለተማሪዎች ሁሉ የሚከተለውን አሳብ እናቀርባለን።

አንደኛ፤ የምረቃ ዓመት መዋጮ ሁሉ ከመወሰኑ በፊት ዝቅተኛ ገቢ ያለው ተማሪ ሊከፍለው በሚችለው ልክ ይተመን። ከዚያ በላይ የሚፈልግ በፈቃዱ ያድርግ፤ የጋራው ፎቶ ግን ለከፈለውም ላልከፈለውም ክፍት ይሁን።

ሁለተኛ፤ በየትምህርት ክፍሉ ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ ትንሽ እቁብ ይቋቋም። ወርኃዊው ክፍያ ከአንድ ማኪያቶ ዋጋ ባይበልጥም፣ በምረቃ ጊዜ አንድም ተማሪ ለሱፍና ለቲሸርት ብሎ ወደ ቤቱ እንዳይደውል ያደርጋል።

ሦስተኛ፤ ከምረቃው በዓላት አንዱ ቀን፣ አንድ ምሽት እንኳ ቢሆን፣ እያንዳንዱ ተመራቂ በእነዚህ ዓመታት የተማረውን አንድ ነገር ቆሞ የሚናገርበት ይሁን። ኢንጂነሩ ስለ ድልድይ፣ የሕግ ተማሪው ስለ ፍርድ፣ የግብርናው ተማሪ ስለ አፈር ይንገረን። ሰውዬው የሚታወቀው ያን ጊዜ ነው።

አራተኛ፤ በሳምንት አንድ ማታ በላውንጁ ውስጥ መጽሐፍ ጮክ ተብሎ ይነበብ። ወጋየሁ ንጋቱ ለአገር ሁሉ ያደረገውን አንድ ጥሩ ድምፅ ያለው ተማሪ ለሠላሳ ሰው ማድረግ አያቅተውም። ከንባቡ በኋላ መከራከርም ይፈቀድ።

እነዚህ ትንንሽ ነገሮች ናቸው፤ የዓለምን ገበያ አይለውጡም፤ ቲክቶክንም አይዘጉም። እኛም እንዲዘጋ አልጠየቅንም። «ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር» እንደሚባለው፣ በስልክ ውስጥ የምናየው የሌላው ሰው ኑሮ ሲያምር የሚቀናን ሁሉ ከበስተኋላው ያለውን ዕዳና ብቸኝነት አያውቅም። ቢያውቅ ኖሮ ምናልባት ከመቅናት ይልቅ ያዝንለት ነበር።

ይህች መጽሔት በማባዣ ተባዝታ ከእጅ ወደ እጅ የምትዞር ናት። ስንት ሰው እንዳየን የምታሳየን ቁጥር የላትም። ነገር ግን አንብቦ የሚቃወመን፣ በካፌ ሰልፍ ላይ አስቁሞ «ይህ አሳባችሁ ትክክል አይደለም» የሚለን ሰው እናገኛለን ብለን ተስፋ እናደርጋለን። መዋጮ ሰብሳቢዎቹም መልስ ቢጽፉ ደስ ይለናል፤ እነርሱም የተማሪውን ደስታ ፈልገው የተነሡ ናቸውና። የሰኔው የጋራ ፎቶ ገና አልተነሣም። ከዚያ በፊት በየክፍላችሁ የስም ዝርዝሩን ይዛችሁ አንድ በአንድ ጥሩና ያልመጣው ማን እንደሆነ እወቁ።